ለሚመለስ ሰው ዋስ

መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው ሌላ ሰው ሳይነግርብኝ ለመቅደም ነው። በኋላ ነገሩ ሲበላሽ እኔም ከሰው ጋር አብሬ «ማነው ይህን የጻፈው?» እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ ብዙ ጊዜ ታይቻለሁ።

ዘመኑ ሰማንያ ሰባት ነው። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የበሩ ቀለም ሳይቀር ገና እጅ ላይ ይለቅ ነበር። አስማረ እባላለሁ፤ ከደብረ ማርቆስ በምደባ የመጣሁ የሥልጠና ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ የተባልኩት «የሰው ኃይል ልማት» የሚለውን ሐረግ ሳልሳሳት ስለምጽፍ ይመስለኛል። አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ነበረኝ፤ ከጠረጴዛው የሚበልጥ ደግሞ ለራሴ ያለኝ ግምት ነበረኝ።

አንድ ቀን ከአንድ የውጭ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለሚማሩ የክልሉ ልጆች የሙያ ማሻሻያ ድጋፍ ሊሰጥ ፈቅዷል። ተማሪዎቹ ጥናታቸውን ጉባኤ ላይ ሊያቀርቡ ወይም አጭር ሥልጠና ሊወስዱ ሲሄዱ፣ የአውሮፕላኑንም የማደሪያውንም ወጪ እሱ ይችላል። ከእኛ የሚፈለገው የአፈጻጸም መመሪያ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ገጽ ይገላገለዋል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ያኔ ቢሮአችን ለሁለተኛ ዲግሪ የላከው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ለአንድ ሰው አሥራ አንድ ገጽ መመሪያ ጻፍኩ።

ከሁሉም የምኮራባት አንቀጽ ዘጠኝ ነበረች። «ድጋፍ ተጠቃሚው ውጭ አገር ሄዶ ላለመቅረቱ ዋስ ማቅረብ አለበት። ዋሱ ደመወዙ ከተጠቃሚው የማያንስ፣ የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና የሌለው የዚሁ ቢሮ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። ተጠቃሚው ተመልሶ ሪፖርት እስኪያደርግ ድረስ ዋሱ ከክልሉ መልቀቂያ አያገኝም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኳት። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው በረሃ ውስጥ መቅረቱ አሳዘነኝ።

መመሪያውን በታይፕ የመታችው ደመቀች ነበረች። ደመቀች ቤተሰቧ በሰባ ሰባት በሠፈራ ከወሎ መጥቶ አቦቦ ላይ የቀረ ናት፤ የቢሮው ገቢና ወጪ ደብዳቤ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሳች።

«ጋሽ አስማረ፣ ይሄ ሰው ወደ አገሩ እንዲመለስ ነው ዋስ የሚጠራው?»

«አዎ።»

«የሚመለሰው ወዴት ነው? ወደዚሁ ወደ ጋምቤላ?»

«አዎ አልኩሽ።»

ታይፗን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ መታችው።

ምክንያት ነበራት። የእኔን የዝውውር ማመልከቻዎች የምትተይበውም እሷ ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አመልክቻለሁ። ምክንያቴ ሁልጊዜ እናቴ ነበሩ። በመጀመሪያው ማመልከቻ እናቴ «የጤና መጓደል» ገጠማቸው፤ በሁለተኛው ታመሙ፤ በሦስተኛው አልጋ ያዙ፤ በአራተኛው የሚያስታምማቸው ሰው አጥተው በሞት አፋፍ ላይ ነበሩ። እናቴ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በእግራቸው ሄደው ይመለሱ ነበር፤ የጎረቤት ሙግት እንኳ አላመለጣቸውም። ደመቀች አራተኛውን መትታ ስትጨርስ «አምስተኛ ካለ ተዝካራቸውን እንጽፋለን» ብላኝ ነበር።

ያ አንዱ ተማሪያችን ኦቻን ይባላል። የጎግ ወረዳ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከመናገሩ በፊት ሰውን ጨርሶ የሚያዳምጥ። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ያልገባው ስለሚመስለኝ የተናገርኩትን ሁለተኛ ጊዜ እደግምለታለሁ፤ እሱም ሁለተኛ ጊዜ በትዕግሥት ይሰማኛል። ጥናቱ ዓሣ ነው። በክረምት ባሮ ዳር የሚወጣው ዓሣ ፀሐይ አጥቶ ሳይደርቅ ይበሰብሳል፤ ሴቶቹ ግማሹን ወንዝ መልሰው ይጥሉታል። ኦቻን ከሸምበቆ ከፍ ያለ ቆጥ ሠርቶ፣ ከሥሩ ጭስ እየሰደደ፣ በዝናብም ማድረቅ እንደሚቻል አሳየ። ሁለት ክረምት ሙሉ ወንዝ ዳር ተቀምጦ የጠፋውንና የተረፈውን ዓሣ በሚዛን ሲመዝን ኖሯል።

በሚያዝያ መጨረሻ ከካምፓላ ጥሪ ደረሰው። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ጥናታቸውን የሚያቀርቡበት፣ ለመጽሔት አስተካክሎ መጻፍም የሚማሩበት የሦስት ሳምንት ጉባኤ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ቆመ።

«አቶ አስማረ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሰምተውኛል። አስተማሪዎቼ ግን ‹የወንዝ ዳር ወሬ ነው› ይሉኛል። እዚያ ካቀረብኩት ወሬ መሆኑ ይቀራል። ይህ ካመለጠኝ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው።»

«ይህ ድጋፍ የተፈቀደው እኮ እንዳንተ ላለው ነው!» አልኩት ደስ ብሎኝ። እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር፤ መመሪያዬ ሥራ ላይ ሊውል ነዋ። «ዋስ ብቻ አምጣ።»

በእኛ ቢሮ ደመወዛቸው ከኦቻን የማያንስ አምስት ሰዎች ነበርን። ኃላፊው አጽዳቂ ስለሆኑ አይችሉም። አንዱ የኦቻንን የአክስት ልጅ አግብቷል፤ በጋብቻ ዝምድና ወደቀ። የእንስሳት ባለሙያው ጋች ለሁለት ሰዎች ዋስ ሆኖ ነበር፤ «ሦስተኛ ከጨመርኩ እኔን የሚዋስ ሰው ልፈልግ ነው» አለ። የሒሳቡ ሙሐመድአሚን ሻይ ጋብዞ፣ አባቱ ሲሞቱ «ልጄ፣ ዋስ አትሁን» ብለው እንደተናዘዙ በዝርዝር አወራለት። ከዓመት በፊት ሌላ ሰው ዋስ ሲለምነው እኚሁ አባቱ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ይህንኑ በደብዳቤ መክረውት ነበር። አምስተኛው እኔ ነበርኩ።

ኦቻን እኔን አልጠየቀኝም። ባይጠይቀኝም መለስኩለት። «እኔ እንኳ ጉዳዩን የማስፈጽመው ራሴ ስለሆንኩ መመሪያው አይፈቅድልኝም» አልኩት። ደመቀች ከታይፗ ቀና ብላ አየችኝ። አሥራ አንዱን ገጽ ፊደል በፊደል የመታች ሴት ፊት እንዲህ ብሎ መዋሸት ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ካልሆነ ድፍረት አጥቼ አላውቅም።

ኦቻን «እሺ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ለእናቱ እንደማይሄድ ሊነግራቸው ጎግ ወረደ።

የዋስትናው ቅጽ ወደ አዲስ አበባ መላክ ያለበት በግንቦት አሥራ ሁለት አውሮፕላን ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ደመቀች አንድ ፖስታ ይዛ ገባች፤ ፊቷ የደስታም የሐዘንም አይደለም።

«እናትህ ተርፈዋል» አለችኝ።

ዝውውሬ ተፈቅዷል። ደብረ ማርቆስ! በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቀርቤ ሥራ እንድጀምር፣ ካልሆነ ግን ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ ይላል። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና በላዩ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ስድስት ጊዜ የያዘችኝ ወባ፣ በሌሊት እንኳ የማይበርደው ቆርቆሮ ጣራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸኙኝ ተሰማኝ። ዕቃዬን በሐሳቤ እያሰርኩ ሳለሁ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ኦቻን ነበር። ከኋላው ትንሽ በርጩማ የያዙ ሽማግሌ ገቡ፤ አጎቱ ኦጁሉ ናቸው። በአንድ የእህል መኪና ላይ ከጎግ አብረው መጥተዋል። ወንበር ብስብላቸው እምቢ ብለው በራሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አማርኛቸውን የተማሩት አቦቦ እርሻ ልማት ላይ ዘበኛ ሆነው ነው፤ አጭር ነው፤ ግን አይስትም።

«ልጁ ዋስ የለኝም አለ» አሉኝ። «ዋስ አመጣሁ።»

ከጉያቸው አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። ሰማያዊ ጨሌ ነው። የኦቻን ወገኖች አኙዋኮች ዲሙይ ይሉታል፤ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ፣ ወንድ ልጅ ሲያገባ ለሴቷ ቤት የሚሰጥ። ኦቻን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ደመቀች ከታይፗ ተነሥታ ቀረበች።

«ጋሽ አስማረ፣ ይሄ እኮ የቤቱ ሀብት በሙሉ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይሄ ከሌለ ታናሽ ወንድሙ አያገባም።»

ይህን ሰምቼ ምን አልኩ? ብትጠይቁኝ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። «አባባ፣ አዝናለሁ፣ ቅጹ ላይ ለጨሌ የሚሆን ቦታ የለም» አልኩ። ጭራሽ ቅጹን ገልብጬ አሳየኋቸው።

ሽማግሌው ቅጹን አላዩትም። እኔን አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ አገርህ የት ነው?»

«ጎጃም።»

«መቼ ትሄዳለህ?»

እጄ ሳላዝዘው ወደ ሸሚዝ ኪሴ ሄደ። «እኔ... እኔ እንኳ እዚሁ ነኝ» አልኩ። ደመቀች ሳል ያዛት።

«ይህን ወንበር አውቀዋለሁ» አሉ ኦጁሉ። «አንተ ሳትመጣ አንድ ሰው ነበር፤ ሄደ። ከሱ በፊት አንድ ሰው ነበር፤ ሄደ። እኔ ለጉዳይ ስመጣ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ስሜን ከመጀመሪያ እነግራለሁ። የሄዱትን ዋስ ማን ጠየቃቸው? የዚህ ልጅ እናት ጎግ ናት። የአባቱ መቃብር ጎግ ነው። ዓሣው ባሮ ውስጥ ነው። ወዴት ይሄዳል? ለሱ ዋስ አምጣ ትላለህ። ያንተ ዋስ ማነው?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ስሰማ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሴት የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ድስቱ የእኔ ነበር። ማረሩን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ አሽተውታል።

«እሱ ዋስ መሆን አይችልም» አለ ኦቻን ሊያድነኝ ፈልጎ፤ የነገርኩትን አምኖ ነበር። «መመሪያው ይከለክለዋል።»

«ስንተኛው አንቀጽ?» አለች ደመቀች።

ሽማግሌው ጨሌውን አንድ በአንድ ወደ ጨርቁ መመለስ ጀመሩ። ጣታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ከዚህ የተለየ ነገር ያደርጋል ብለው መጀመሪያም አልጠበቁም። እሱ ነው ያልቻልኩት። ቢሰድቡኝ ኖሮ ደብረ ማርቆስ ነበርኩ።

ቅጹን ሳብኩና ፈረምኩ።

ጀግንነት አይደለም፤ ሦስት ሰው እያየኝ ነበር። ላለመሆኑ ማረጋገጫው በማግስቱ ያደረግኩት ነው። ማታውን ሙሉ አንቀጽ ዘጠኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ስትነበብ አደረች፤ ኦቻን የሚመለሰው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ የእኔ ደብዳቤ የሚጠብቀኝ አሥራ አምስት ቀን ነው። ሲነጋ ፖስታው ሳይሄድ ላስቀር ወደ ቢሮ በሩጫ ሄድኩ። «ፊርማዬን አስተካክዬ ልፈርም ነበር» አልኳት ደመቀችን፣ እያለከለክሁ።

«ስለማውቅህ ጎህ ሲቀድ ነው የላክሁት» አለችኝ።

ኦቻን ሄደ። የእኔም አሥራ አምስት ቀን ሄደች። ለኃላፊው መልቀቂያ እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው፤ መሳቢያቸውን ከፍተው መመሪያዬን አወጡና አንቀጽ ዘጠኝን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። «ግሩም አድርገህ ነው የጻፍከው» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። የደብረ ማርቆሱን ቦታ ተጠባባቂው ወሰደው። እናቴ በስልክ «ዋስ የሆንከው ለዘመድህ ነው?» አሉኝ፤ አይደለም ስላቸው «እንግዲያ ሳይቸግርህ ጤፍ ተበደርክ» አሉ።

ቢሮው ውስጥ ደግሞ የእኔ ነገር ጨዋታ ሆነ። ሙሐመድአሚን ሻዩን እየጠጣ «ኦቻን ካምፓላ ላይ አግብቷል አሉ» ይለኛል። ጋች «ዓሣ ነጋዴ ሆኗል» ይላል። እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። የሰውን መሄድ እንጂ መመለስ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ በሩ ቢከፈትልኝ ኖሮ አልመለስም ነበር፤ ሌላው በምን ይሻላል?

የሚመለስበት ማክሰኞ ደረሰ። በቢሮው መኪና አውሮፕላን ማረፊያው ሄድኩ። አውሮፕላኑ አርፎ አሥራ ሁለት ሰው አወረደ፤ ኦቻን የለም። ሁለተኛ ቆጠርኳቸው። ከዚያ እዚያው በቆመው ሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ «ቀረ! አውቄው ነበር!» አልኩ።

ከቢሮ ጓደኞቼ መሐል አንድም ሰው በዚያን ቀን አልቀለደብኝም፤ ከቀልዱ የባሰው እሱ ነበር።

ዓርብ እንደገና ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ተስፋ ነው እንዳልል ተስፋ አልነበረኝም፤ ቢሮ መቀመጡን ፈርቼ ይመስለኛል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ዳር ካለው ዛፍ ሥር በዚያች ትንሽ በርጩማ ላይ ኦጁሉ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ መንገዱ ተበላሽቶ ከከተማው በእግር መጥተዋል።

«አባባ፣ ኦቻንን ሊቀበሉ ነው?»

«ማክሰኞም ነበርኩ» አሉኝ። «እዚያ፣ ከሰዎቹ ኋላ።»

«አላየሁዎትም።»

«አላየኸኝም። እኔ ሰማሁህ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ግን ቀጠሉ።

«እኔም እቤቴ ስለ አንተ እንደዚያ ብዬ ነበር። ‹ያ ልጅ ፈርሞ ሄዷል፣ አውቀዋለሁ› አልኩ። ኦቻን ቤቱን ያውቃል፤ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል። ከጎግ ድረስ ለሱ አልመጣም።» በከዘራቸው ደረቴን ነካ አደረጉኝ። «አንተን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ሊሰድቡኝ ይሁን ሊያመሰግኑኝ ሳላውቅ አለቀስኩ። በፈረምኩ ማግስት በሩጫ ፖስታ ላስመልስ የሄድኩትን ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሳልለፋበት የተገኘ መልካም ስም ደረሰኝ፤ ያን ቀን የምመልስበት አቅም አልነበረኝም።

አውሮፕላኑ መጣ። አራተኛ ሆኖ የወረደው ኦቻን ነበር፤ በአንድ እጁ ካርቶን፣ በሌላው የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ማክሰኞ በዝናብ ምክንያት አዲስ አበባ ቀርቶ ኖሯል። አንገቱን አቅንቶ ሰዉን ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና ባለበት ቆመ። ደመቀች ሲሄድ ስትሸኘው ነግራው ስለነበር ኪሴ ውስጥ የነበረውን ደብዳቤ ያውቃል። እኔ እሱን ማየቴ ምን ያህል እንደደነቀኝ ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ ስታገል፣ የእሱ ፊት ላይ ያንኑ አየሁት።

አጎቱን እንኳ ሳይሰላም መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ።

«አቶ አስማረ!» አለኝ። «አልሄዱም እንዴ?»